በሠንጠረዡ ላይ የማይጻፈው ፍርሃት

እንጀራዬ የስጋት ትንተና ነው። ወታደር ሆኜ አላውቅም፤ ብድር በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ተበዳሪው ባይከፍል፣ የውጭ ምንዛሪ ቢጠፋ፣ ዝናቡ ቢቀር ምን ይውጠናል እያልኩ ለሌላው አስቀድሜ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ማታ ማታ የማነበው ግን የጦርነት ታሪክ ነው። ባለቤቴ «ቀን በስጋት፣ ማታ በጦርነት፤ ይህ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?» ትለኛለች። እኔ ሁለቱን ለያይቼ አይቻቸው አላውቅም። የጦር አዛዡም እንደ ብድር ሠራተኛው ገና ያልመጣን ቀን በወረቀት ላይ ለመያዝ ይሞክራል፤ ስሌቱ ሲፋለስበት የሚከፍለው በሰው ሕይወት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

የዛሬ ወታደሮች የስጋት ቅጽ አላቸው። የአሜሪካ ምድር ጦር የሚጠቀምበትን ያየ የቢሮ ሰው ወዲያውኑ ያውቀዋል። በአንድ በኩል አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከ«ዘወትር የሚያጋጥም» እስከ «ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብ» በ5 ደረጃ ተከፍሏል። በሌላ በኩል ደግሞ ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ከ«አውዳሚ» እስከ «ኢምንት» በ4 ደረጃ ተቀምጧል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሣጥን ስጋቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ይናገራል። ደረጃው በጨመረ ቁጥር የሚፈርመው ሰው ማዕረግም ይጨምራል። ለትንሹ ስጋት ቅርብ ያለው አለቃ ይበቃል፤ ለትልቁ ግን ወረቀቱ እስከ ጀኔራሉ ጠረጴዛ ድረስ መጓዝ አለበት።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ማንም ሻምበል በገዛ ሥልጣኑ የሰው ልጆችን ወደ ገደል እንዳይነዳ የተበጀ ልጓም ነው። ነገር ግን የትኛውም ሻምበል ቢሆን ጀኔራል ፊት መቅረብ አይወድም። ስለዚህ ቅጹ ሲሞላ እጅ ወደ ታች ያዘነብላል። «ወታደሮቹ በቂ ዕረፍት ያደርጋሉ»፣ «ሾፌሮቹ ልምድ ያላቸው ናቸው» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይጨመሩና ከፍተኛው መካከለኛ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ጦር ሰፈር መግባት አላስፈለገኝም። ቀድሞ በሠራሁበት ቤት አንድ ኃላፊ ያቀረብኩለትን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ ጣቱን ከፍተኛ ስጋት የሚያመለክተው ቀዩ ሣጥን ላይ አሳርፎ «ይህ ቦርድ ፊት ጥያቄ ያስነሣል፤ ቢጫ ብታደርገው ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ቡና ጋብዞኝ ነው። ሣጥኑ ቢጫ ሆኖ ቀረበ። እኔ አላደረግኩትም፤ የሚያደርገው ሌላ ሰው ተገኘ።

ስለ ወታደራዊ ስጋት ትንተና የሚጻፈው ነገር በብዛት ስለ ሒሳቡ ነው፤ መረጃ ያንሳል፣ ጊዜ ይጠባል፣ ጠላት አይገመትም ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ብዙ ውድቀቶችን ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ውሳኔውን የሚገፋው ፍርሃት ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ከተጻፉት ፍርሃቶች አንዱ አይደለም። ሚስጥር ይወጣል የሚል ፍርሃት አለ፤ ፈሪ እባላለሁ የሚል አለ፤ ባለፈው ጊዜ በከንቱ አስደነገጥኩ፣ አሁንም ብደግመው ይሳቅብኛል የሚልም አለ። ለእነዚህ መደብ የተሰጠበት ቅጽ አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የሆነውን እንይ። ቴህራን በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተያዙ ከ50 በላይ ታጋቾችን ለማስለቀቅ ኤፕሪል 24 ቀን 8 ሄሊኮፕተሮች ኒሚትዝ ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሡ። በኢራን በረሃ መካከል «ዴዘርት ዋን» የሚል ስም በወጣለት ቦታ ወታደርና ነዳጅ ጭነው ከሚመጡ ሲ-130 አውሮፕላኖች ጋር ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለመቀጠል ቢያንስ 6 ደህና ሄሊኮፕተር ያስፈልጋል። አንደኛው ገና በመንገድ ላይ የተሽከርካሪ ክንፍ መሰንጠቅ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ በረሃ ላይ ተጥሎ ቀረ። ሁለተኛው አቧራ ውስጥ ገብቶ የአቅጣጫ መሣሪያዎቹ ሲበላሹበት ወደ መርከቡ ተመለሰ። 6 ደረሱ። ከደረሱት አንዱ የሃይድሮሊክ ብልሽት ነበረበት። 5 ቀሩ። የምድር ጦሩ አዛዥ ኮሎኔል ቻርልስ ቤክዊዝ በ5 አይሆንም አሉ፤ ፕሬዚዳንት ካርተርም ተስማሙ። ለመመለስ ሲሰናዱ አንዱ ሄሊኮፕተር ነዳጅ ከጫነ ሲ-130 ጋር ተጋጨና 8 ሰዎች በእሳት አለቁ።

የሙያ ልማድ ነውና ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ካልኩሌተር አነሣለሁ። እያንዳንዱ ሄሊኮፕተር ደህና የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 90 ነው እንበል። ከ8ቱ 6ና ከዚያ በላይ የመድረሳቸው ዕድል 96 ከመቶ ይሆናል፤ ማንም ይፈርምበታል። ዕድሉን ወደ 80 ብናወርደው ደግሞ ውጤቱ 80 ከመቶ ግድም ነው፤ ከአምስት ሙከራ አንዱ ገና በር ላይ ይከሽፋል ማለት ነው። በዚሁ በ80 ሒሳብ ሁለት ሄሊኮፕተር ጨምረን 10 ብናደርጋቸው ዕድሉ ወደ 97 ይዘላል። በአድሚራል ጄምስ ሆሎዌይ የተመራው አጣሪ ቡድን በዚያው ዓመት ያወጣው ሪፖርትም ገደብ ያልተጣለበት ዕቅድ አውጪ ቢያንስ 10፣ ምናልባትም እስከ 12 ይጠይቅ ነበር ብሏል።

ነገር ግን ካልኩሌተሬ የሚነግረኝ ይህ ቁጥር ራሱ ውሸት አለበት። ስሌቱ የእያንዳንዱ ሄሊኮፕተር ዕጣ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ ነው ብሎ ያስባል፤ አቧራ ግን ለአንዱ ብቻ አይመጣም። የዚያ በረሃ ደቃቅ አቧራ በአየር ላይ እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ሰዓታት ይቆያል፤ ጉዞውን የቀጠሉት ሁሉ ገቡበት። ይህ አቧራ ደግሞ የማይታወቅ ምሥጢር አልነበረም። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ያውቁታል፤ በዕቅዱ ዓባሪ ውስጥም ተጠቅሶ ነበር። ሆኖም ባለሙያዎቹና አብራሪዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተነጋገሩም። አብራሪዎቹ አቧራውን ያወቁት ሲውጣቸው ነው። ወደ መርከቡ የተመለሰው አብራሪ ዴዘርት ዋን ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ይቀጥል ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ማለቱን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ቆመው እየጠበቁት ነበር። የሬዲዮ ዝምታ ታዟልና ማንም አልነገረውም።

ይህ ሁሉ ከአንድ ፍርሃት ይቀዳል፤ ሚስጥሩ ይወጣል ከሚለው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ አንድ ቃል ቢያመልጥ ታጋቾቹ ሊገደሉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሚስጥር ጥበቃው ራሱ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ማንም በሣጥን አላስቀመጠውም። ሁሉም ክፍሎች አንድ ላይ ሆነው ሙሉ ልምምድ አላደረጉም፤ ዕቅዱን ከውጭ ሆኖ የሚያብጠለጥል ገለልተኛ ሰው አልተመደበም። የሄሊኮፕተሮቹ ቁጥር አነስ እንዲል ከገፋፉት ነገሮችም አንዱ ይኸው ነበር። ስጋትን ለመቀነስ የተወሰደ እርምጃ ራሱ ስጋት ሊሆን እንደሚችል እኛም ቢሮ ውስጥ ለማስረዳት ስንሞክር ምላሳችን ይደርቃል። «መቆጣጠሪያ» በሚለው ዓምድ ሥር የገባ ነገር ሁሉ የተባረከ ይመስላቸዋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ዓድዋን ሁልጊዜ የምናነበው ከእኛ ወገን ሆነን ነው፤ ይገባልም። እኔ ግን የካቲት 21 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ሳውሪያ ላይ በጣሊያን ጦር አዛዥ በጀኔራል ባራቲየሪ ሰፈር የተደረገውን ስብሰባ ደጋግሜ አነባለሁ፤ የሙያዬን ችግር እንዲህ ራቁቱን ያወጣ ሌላ ስብሰባ አላውቅምና።

ባራቲየሪ 17 ሺህ ያህል ጦር ይዞ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠው የምኒልክ ሠራዊት አለ። ስንቁ እያለቀ ነው፤ የቀረው የጥቂት ቀናት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ራስ ስብሐትና ሐጎስ ተፈሪ ጣሊያንን ከድተው ወደ ወገናቸው ስለተመለሱ የኋላው የስንቅ መንገድ እሾህ ሆኗል። ባራቲየሪ የማይረባ ሰው አልነበረም፤ ሁኔታውን በደንብ ያነበበው ይመስለኛል። የምኒልክም ሠራዊት በዚያ በተራቆተ አገር ለረጅም ጊዜ መቀመጥ እንደማይችል ያውቃል። ማን ቀድሞ ይራባል የሚል ጨዋታ ነበር፤ በእርግጥም ምኒልክ ዘንድ ያለው ቀለብ ከባራቲየሪ አይሻልም ነበር። ወደ ኋላ ስንቅ ወዳለበት ማፈግፈግ በወታደራዊ ሒሳብ ሲታይ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ሮም ላይ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ተቀምጠዋል። የካቲት 18 ቀን የላኩት ቴሌግራም ይህ ጦርነት ሳይሆን የጦር ሳንባ ነቀርሳ ነው የሚል ነበር፤ ለሠራዊቱ ክብርና ለዘውዱ ስም ሲባል ማንኛውም መሥዋዕትነት እንደሚከፈል ጨምረውበታል። የሩቅ አለቃ የላከው እንዲህ ያለ ወረቀት ድንኳን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጀኔራል መሆን አያስፈልግም። ባራቲየሪ አራቱን የብርጌድ አዛዦች፣ አልቤርቶኔን፣ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳንና ኤሌናን ሰብስቦ ስለ ማፈግፈግ ሐሳባቸውን ጠየቀ። ዳቦርሚዳ ጣሊያን ውርደት ከሚደርስባት ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ብታጣ ትመርጣለች አለ። ሌሎቹም ማፈግፈጉን አልደገፉም።

ልብ በሉ፤ ዳቦርሚዳ የስጋት ትንተና አቅርቧል። ቁጥር ጠርቷል፤ ሁለት ሦስት ሺህ። ከሌላ ጉዳት ጋርም አወዳድሮታል፤ ውርደት ከሚለው። ቁጥሩ የት እንደተገኘ የጠየቀ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ መደምሰስ የሚባለው ነገር በሚዛኑ ላይ አልወጣም። ስብሰባው አደጋው ምን ያህል ነው የሚለውን ለመመለስ የተጠራ ይመስላል፤ የመለሰው ግን እንመለስ ለማለት የሚደፍር ማን ነው የሚለውን ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ደግሞ አራት ጀኔራሎች እርስ በርስ እየተያዩ የሚሰጡት መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ከዚያም የመረጃው ነገር አለ። የጣሊያኖች ወሬ አቀባዮች የምኒልክ ጦር ቀለብ ፍለጋ ተበትኗል፣ ንጉሡም ለመመለስ እየተሰናዱ ነው ይሉ ነበር። ከዚህ ወሬ ከፊሉን የወለደው እውነተኛው ረኀብ ነው። ከፊሉ ደግሞ በአገራችን ትውፊት እንደሚነገረው ለጣሊያን ሰላይ መስሎ ለወገኑ ይሠራ የነበረው ባሻይ አውዓሎም የሰጣቸው ነው። እኔ ዝናብ ይቀራል ብዬ ስሰጋ ዝናቡ ሰምቶኝ ሐሳቡን አይቀይርም። ጠላት ግን ይሰማል፤ ሲሰማም አንተ ልትሞላው ባሰብከው ሣጥን ውስጥ የሚፈልገውን ቁጥር በገዛ እጁ ሊጽፍልህ ይችላል። የብድር ስጋትና የጦርነት ስጋት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ምንም እንኳ አንዳንድ ተበዳሪዎቻችን ከአውዓሎም ብዙም ባይተናነሱም።

ባራቲየሪ በመጨረሻ የመረጠው መንገድ መካከለኛው ነበር። አያፈገፍግም፤ በቀጥታም አያጠቃም። ሌሊቱን ተጉዞ ዓድዋ አጠገብ ያሉትን ኮረብቶች ይይዝና ምኒልክ ከመጣ በጠንካራ ቦታ ላይ ሆኖ ይመክታል፤ ካልመጣም ጠላትን ተጋፍጬ ተመለስኩ ይላል። ይህ ዓይነቱ ውሳኔ በስብሰባ ላይ ያምራል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያገኛል። የሁለቱንም መንገድ አደጋ አንድ ላይ መሸከሙ ግን በማግሥቱ ነው የሚታየው። የካቲት 22 ማታ ጉዞ ተጀመረ። አዛዦቹ የያዙት ንድፍ ካርታ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ስም የሰጠው ኮረብታና አገሬው በዚያ ስም የሚጠራው ቦታ የተለያዩ ነበሩ። አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹን ተከትሎ ወደ እውነተኛው ሄደና ከሌሎቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን ነጋበት። ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአራቱ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። የክሪስፒ መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቀ። ባራቲየሪ አሥመራ ላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ፤ ዳኞቹ ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ አቅም ያነሰው ሰው ነው ብለው አዘኑበት። ቴሌግራሙን የላኩት ሰው አልተከሰሱም።

ጸሐፊዎች በካርታው ስህተት ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ ለእኔ ግን ካርታው ሁለተኛ ነገር ነው። የተሳሳተ ካርታ የያዘ ጦር ሳውሪያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ካርታው ማንንም አይገድልም ነበር።

ፍርሃትን በቦታው ያስቀመጠ አዛዥ የለም ወይ ብትሉኝ እ.ኤ.አ. የ1944ቱን የተባባሪዎቹ ጦር አዛዥ አይዘንሃወርን እጠራለሁ። የኖርማንዲ ዘመቻ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሊ-ማሎሪ መጥተው የአሜሪካ አየር ወለድ ክፍለ ጦሮች ከተላኩ ከፓራሹት ወታደሮቹ ግማሽ ያህሉ፣ ሞተር አልባ በሆኑት ግላይደሮች ከሚሄዱት ደግሞ 70 ከመቶው ሊያልቁ ይችላሉ ብለው አስጠነቀቁ። ከዚህ የቀላ ሣጥን የለም። አይዘንሃወር ብቻቸውን ድንኳናቸው ገብተው አሰቡበት። የጠየቁት ጥያቄ የኔ ዓይነቱን ባለሙያ ሊያስተምር ይገባል፤ ይህን ባስቀር ምን ይፈርሳል? አየር ወለዱ ከቀረ «ዩታ» የሚል ስም በወጣለት የኖርማንዲ ጠረፍ የሚወርደው ጦር መውጫ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ያ ከተሰረዘ ደግሞ ዘመቻው በሙሉ ይናጋል። ይሂዱ አሉ። ጉዳቱ ከተተነበየው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ሊ-ማሎሪም ኋላ ይቅርታ ጠየቁ።

የአየር ጠባዩም ነገር እንዲሁ ነው። ጁን 5 ሊደረግ የታሰበው በማዕበል ምክንያት ሲዘገይ የአየር ጠባይ ኃላፊው ጄምስ ስታግ ለ6ኛው ቀን አጭር ፋታ ይኖራል አሉ። ቢተላለፍ ኖሮ ተስማሚ የባሕር ውኃ ከፍታ የሚገኘው ጁን 18 ግድም ነበር፤ ከጁን 19 ጀምሮ ደግሞ ያ ጠረፍ በከባድ ማዕበል ታመሰ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ብልህ ነበሩ ለማለት አላነሣሁትም። መዘግየትም ስጋት እንዳለው፣ እሱም እንደ ሌላው መመዘን እንዳለበት የተገነዘቡ በመሆናቸው ነው ያነሣሁት። እኛ የምንሞላቸው ቅጾች ስለ መሄድ ብቻ ይጠይቃሉ፤ ለመቆየት ቅጽ የለም። አይዘንሃወር በዚያው ሰሞን ማረፊያው ቢከሽፍ የሚነበብ አጭር ማስታወሻ ጽፈው ኪሳቸው ከተዋል። ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው ይላል። እርሳቸው እንዲህ ካሉ በታች ያለው ሰው ቀዩን ቢጫ የሚያደርግበት ምክንያት ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ።

እስራኤልን ሳልጠቅስ አልጨርስም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1973 የግብፅ ጦር እንቅስቃሴ አስደንግጧቸው ዝግጅት አደረጉ፤ ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ጦርነት ግን አልመጣም። ኦክቶበር ላይ ምልክቱ ሲደገም የወታደራዊ ስለላው ኃላፊ ጀኔራል ዔሊ ዘዒራ የጦርነት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው አሉ። ግብፅ የእስራኤልን አየር ማረፊያዎች ከሩቅ የሚመታ መሣሪያ ሳታገኝ አትዋጋም፣ ሶርያም ያለ ግብፅ አትነሣም የሚል ጽኑ እምነት ነበር፤ አዲስ ወሬ ሁሉ በዚህ ወንፊት ያልፋል። በደቡብ ዕዝ የነበረ ሲማን ቶቭ የሚባል ወጣት መቶ አለቃ የግብፅ ልምምድ የጦርነት ሽፋን ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ላይ አልደረሰም። ኦክቶበር 6 ቀን በሁለት ግንባር ጦርነት ተከፈተ። «ዝቅተኛ» ያሰኘው ምን ያህሉ ማስረጃው፣ ምን ያህሉስ የሜይ ወጪና እፍረት እንደሆነ ለይቶ የሚነግረን ሠንጠረዥ የለም።

ይህን ውድቀት የመረመረው የአግራናት አጣሪ ኮሚሽን ከተቀመጠ በኋላ በስለላው ክፍል ውስጥ ሥራው የተቀበለውን ግምት መቃወም የሆነ ቢሮ ተቋቋመ። ተቃራኒውን አስቡ፣ ጻፉ፣ እስከ ላይኛው አለቃ ድረስ ላኩ የሚል ሥልጣን ተሰጠው። እኔም በየስብሰባው እንዲህ ያለ ክፍል ይኑረን እያልኩ ስወተውት የኖርኩ ነኝ። ቢሮው ለአሥርተ ዓመታት ሠራ፤ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጦሩ እንደገና በድንገት ተያዘ። ለመቃወም ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሲቃወም አለቃው ምን ያህል ይሰማዋል? ሥራውን እየሠራ ነው ብሎ አመስግኖት ሊያልፍ ይችላል። አሁን እኔ የማቀርበው ቀይ ሣጥንም በእኛ መሥሪያ ቤት የሚታየው በዚህ ዓይን ይመስለኛል፤ ቢጫ አድርገው የሚለኝ ከጠፋ ቆይቷል።